በቅቤ ጎጆ የከረመው ጽዋ

በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዳማ ውስጥ ሰዎች አንድ የሸክላ ጽዋ ይፈሩ ጀመር።

ጽዋው የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ጽዋ ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ሰፈር ነዋሪዎች ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየተራ እየደገሱ ይጠጡበታል። የደገሰው ሰው ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክበዋል። ተረኛው በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ይቀበለዋል፤ በእልልታና በጭብጨባ ታጅቦ ቤቱ ያስገባዋል፤ ድግሱ እስኪደርስ ከሚካኤል ሥዕል ሥር አስቀምጦት ይከርማል። ጽዋ ያለበት ቤት ሚካኤል ያለበት ቤት ነው ይባል ነበር።

በሰኔ ጽዋው አበበች የምትባል ማኅበርተኛ ቤት እያለ ባሏ በወባ ንዳድ ሞተ። በሐምሌ አንድ የሐዲድ ሠራተኛ ቤት ገባ፤ ሰውየው እናቱን ቀበረ። በነሐሴ የገባበት ቤት ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነበር፤ ለዘመን መለወጫ አልደረሰም። ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። ግን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ ከግራር ላይ ተንጠልጥሎ በብረት የሚመታው ያ የተሰበረ የሐዲድ ቁራጭ፣ ለቀብር በተደወለ ቁጥር ሰው ሁሉ «ማን ሞተ?» ማለቱን ትቶ «ጽዋው ማን ጋ ነው ያለው?» ማለት ጀመረ።

ዲንቄም እንደ ሰው ሁሉ ፈርታለች። ዲንቄ ቅቤ ነጋዴ ናት። ደራ ገበያ ወጥታ ከአርሲ ሴቶች ትገዛለች፤ በአህያ ጭና አዳማ ታመጣለች። ስትገዛ ከላይ በጣቷ ቀምሳ ዝም አትልም። ቀጭን እንጨት ቅቤው እስካለበት ቅል ሥር ድረስ ትሰካና አውጥታ ታሸታለች። ላዩ ለጋ ሆኖ ውስጡ የከረመ ቅቤ ይዛባት የመጣችን ሴት «እሱን ለባልሽ መልሺለት» ብላ ትሸኛታለች። በዚህ ይስቁባታል፣ ያከብሯታልም።

ባሏ ሐዲስ ከሸዋ የመጣ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። እሷን ያገባት እዚሁ ነው፤ ክርስትና ስትነሣም ወለተ ሚካኤል ተባለች። በአሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት በኅዳር፣ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ቤቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ባጋደመበት ወር፣ ሐዲስ ሞተ። እሷ ትኩሳት ይዟት ከሬሳው አጠገብ ተኝታ ነበር፤ ልጇ ሎሚ በመካከላቸው ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጎረቤት በሩን ዘግቷል። የዚያን ቀን በሩን ገፍቶ የገባው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃቸው፣ አቶ ሰብስቤ ነበር። ቃሬዛ የሚሸከምለት ሲያጣ ሐዲስን በጀርባው አዝሎ ወሰደው። ሲወጣ ከደጃፉ ላይ ዞር ብሎ «እቴ ዲንቄ፣ አይዞሽ፣ ማኅበርተኛ አለሽ» አላት። ይህ ቃል ከዚያ ወዲያ ከጆሮዋ አልወጣም።

በጥቅምት አሥራ ሁለት ድግሱ የአቶ ሰብስቤ ነበር። ጽዋው ወሩን ሙሉ እሱ ቤት ከርሞ አንድም ሰው ስላልታመመ፣ ማኅበርተኛው ትንሽ ልቡ ተመልሶለት መጣ። ዳቦ ተቆረሰ፤ ጠላ ተቀዳ። አባ ወልደአማኑኤል ጸሎቱን ጨርሰው፣ ጽዋውን በጨርቁ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ያዙና «ተረኛዋ ጥሩነሽ ናት» አሉ።

ጥሩነሽ ጣቢያው በር ላይ ጠላ የምትሸጥ፣ አፏ የማይታጠፍ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ድምፅዋ አነሰ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ሰውነቴ ልክ አይደለም።»

«አሁን ሦስተኛውን ዳቦ ስትውጪ ሰውነትሽ ምን ሆኖ ነበር?» አላት ገርባ፣ የአህዮች ነጋዴው። ሰው ሳቀ።

«አንተ ነህ የምትስቀው? እስቲ ና አንተ ተቀበለው! ና እንጂ! ጢምህን ምን ታሻለህ?»

ሳቁ ቆመ። ገርባ ወደ መደቡ ሥር ወደ ጨለማው ሸሸት አለ። አባ ጽዋውን እንደያዙ አንድ በአንድ ተመለከቷቸው፤ ዓይናቸው ያረፈበት ሰው ሁሉ መሬቱን ያይ ጀመር።

«አባ» አለ አቶ ሰብስቤ በመጨረሻ፣ «ይህ ክፉ ጊዜ እስኪያልፍ ዕቃ ቤት ቢቀመጥስ?»

«ዕቃ ቤት ማስቀመጡ ቀላል ነው። ማን ያወጣዋል? አንተ ታወጣዋለህ?» አሉ አባ። «ጽዋውን ዕቃ ቤት ቆልፋችሁ ስትታመሙ ማን ይጠይቃችኋል? ስትሞቱስ ማን ይቀብራችኋል?»

አቶ ሰብስቤ አንገቱን ደፋ። ዲንቄ ያቺን የተደፋች አንገት አየች፤ ሐዲስን የተሸከመች አንገት ናት። ተነሣች።

«ለእኔ ይስጡኝ።»

«ያንቺ ተራ እኮ አይደለም» አለች ጥሩነሽ።

«አውቃለሁ።»

«ሎሚ ቤትሽ ናት። እርጉዝ ናት!»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ጥሩነሽ።»

ሸኚዎቹ እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ መጡ። እልል ያለች ሴት አልነበረችም። አባ ብቻቸውን፣ በደከመ ድምፃቸው እያዜሙ፣ እስከ ደጃፏ አደረሷት።

ሎሚ የበኩር ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት ገብታለች። ባሏ ጆቴ አዋሽ ጣቢያ ነው የሚሠራው። ነጩን ጨርቅ ስታይ ከመደቡ ላይ ቀጥ አለች።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ታውቂዋለሽ።»

«የጥሩነሽ ተራ አይደለም እንዴ?»

«ፈራች።»

«ፈራች! ታዲያ አንቺ ምን ቤት ነሽ? ለሰው አፍ ብለሽ ነው?» ሎሚ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። «ይሄን ሳታስቢው ነው? ስንት ቤት እንደጨረሰ ሳትሰሚ ቀርተሽ ነው?»

«የጨረሰው ንዳዱ ነው።»

«እንግዲያው ለምን ከሥዕሉ ሥር አታስቀምጪውም?»

ዲንቄ በጓሮ በኩል ወጣች። ከቤቱ ኋላ ቅቤዋን የምታስቀምጥባት፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ጎጆ አለቻት። ጽዋውን እዚያ ይዛ ገባች፤ በቅሎቹ መካከል፣ ቆጡ ላይ አስቀመጠችው። «እዚህ ይቀዘቅዛል፤ አቧራም የለም» አለች ለራሷ። ወጥታ በሩን በገመድ አሰረች። ከዚያም ሌላ ገመድ ደገመችበት።

ማታ ከሥዕሉ ፊት ስትቆም ሥሩ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ጸሎቱ ከአፏ አልወጣ አለ። ሚካኤልን በአደራ ተቀብላ፣ ከልጇ እንዲርቅ ብላ ውጭ እንዳሳደረችው እሷ ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል።

ጥቅምት እንዲህ ነጎደ። ለንጉሡ የዘውድ በዓል ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ እንግዶች የጫነ ባቡር ከጅቡቲ በኩል በላይ በላዩ ይመጣል፤ ባንዲራ አንጠልጥሎ፣ ውሃ ቀድቶ፣ እየጮኸ ያልፋል። በመስኮቱ ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጅ ይታያል። የሐዲዱ ብረት ደወል ደግሞ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። ገበያ ላይ የዲንቄን ቅቤ ዓመት ሙሉ የገዙ ሴቶች ቅሉን አንስተው አዩና መልሰው አስቀመጡት። አንዷ፣ ሳታፍር፣ «ጽዋው አጠገብ የከረመ አይደል?» አለቻት። ዲንቄ ደነገጠች፤ ሴትየዋ ስለ ጎጆው አላወቀችም፣ እንዲሁ ነው የተናገረችው።

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ደወሉ ለአቶ ሰብስቤ ተመታ።

ሦስት ቀን እንኳ አልታመመም። ዲንቄ ስትደርስ ደጁ ላይ የቆመው ሰው ጥቂት ነው፤ የቆሙትም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ወደ ውስጥ የገባች አንድ አበበች ብቻ ነበረች። ሁለቱ ሴቶች ከሚስቱ ጋር ሆነው ገነዙት። ቃሬዛው አንድ ተሸካሚ ጎደለው፤ ገርባ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ዲንቄ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ገርባ፣ ትከሻህን።»

«እትዬ ዲንቄ፣ እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«እሱም ነበሩት። ባሌን ሲያዝል።»

ገርባ ምራቁን ዋጠ፤ ነጠላውን አሸረጠና መጥቶ ቃሬዛው ሥር ገባ። ሲመለሱ ግን ያንኑ የፈራችውን ተናገረ፤ «ከእሱ ቤት አንቺ ቤት ነው የገባው» አላት። ክፋት አልነበረውም። እያዘነላት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲንቄ የሎሚን ግንባር በእጇ ጀርባ መንካት ልማድ ሆነባት፤ ውሃ ስታቀብላት፣ ፀጉሯን ስትጎነጉንላት፣ ሳትነግራት ትነካታለች። በኅዳር አሥራ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለማግስቱ ድግስ ዳቦውን ልትደፋ ሊጡን እየዳሰሰች ሳለ፣ ሎሚ «ብርድ ብርድ አለኝ» አለች። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ዲንቄ ሊጥ ያለበት እጇን ግንባሯ ላይ አሳረፈች።

«ያ ዋቃዮ!» አለች፣ በልጅነት ቋንቋዋ፣ በኦሮምኛ፣ አምላኳን ጠርታ።

ወዲያው ዘሃራን አስጠራች። ዘሃራ ሁለት አጥር አልፎ ያለች እስላም ጎረቤቷ ናት፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለደች። ገብታ ሎሚን በሁለት እጇ ዳሰሰች፤ ሆዷን፣ ጉሮሮዋን፣ እግሯን። ጆቴ ከአዋሽ የላከውን መራራ የንዳድ ክኒን አሟምታ አጠጣቻት። ከዚያ ዲንቄን ወደ ጓሮ ጎተት አድርጋ አወጣቻት።

«ምጡ በትኩሳቱ ላይ ሊመጣ ነው። ነገ አያልፍም። አሁን አታልቅሺ፤ ታይሻለች።»

«በእኔ ነው፣ ዘሃራ።»

«ምኑ?»

ዲንቄ ወደ ጎጆዋ አሳየቻት። ለማንም ያልተናገረችውን፣ ለአባም ያልተናዘዘችውን፣ ለዘሃራ ነገረቻት። ጽዋውን ልጄን እንዳይገድልብኝ ብዬ ውጭ ጣልኩት፤ እሱ ግን አጥሩን ተሻግሮ ደረሰባት አለቻት።

ዘሃራ ክንዷን ያዘቻት። «ዲንቄ፣ እኔ ሰሞኑን ከየት እንደመጣሁ ታውቂያለሽ? ባለፈው ሳምንት ቡልቡላ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ፣ በድሪያ፣ ሞተች። ባሏም በማግስቱ። ከአንድ ቤት ሁለት ሬሳ።»

«አልሰማሁም። ነፍስ ይማር... አላህ ይማራቸው።»

«አሚን። እኛ ጽዋ የለንም፣ እህቴ። ሚካኤልን ማንም ቤታችን አላስገባም። ታዲያ ለእኛ ማን አመጣው?»

ዲንቄ ዞራ ጎጆውን አየች።

«ደራም እየሞቱ ነው፤ የምትነግጂበት አገር ነው፣ አልነገሩሽም? እናንተ የራሳችሁን ቤት ብቻ እየቆጠራችሁ ነው ይሄን ሸክላ የጠላችሁት። የምትጠሉት ነገር ካጣችሁ ትንኝ አለላችሁ!» ብላ ዘሃራ ወደ ሎሚ ተመለሰች።

ነገሩ የሚያጽናና አልነበረም። ንዳዱ በየቤቱ ካለ ማምለጫ የለም ማለት ነው። ዲንቄ ግን ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ቆማ ሁለቱን ገመድ ስትፈታ፣ ደረቷ ላይ የከረመ አንድ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማት። ሞት ከየትም ይምጣ፣ ሚካኤል ይዞት አልመጣም። ቅሎቹን ገፋ አድርጋ ጽዋውን አነሣችው። ጨርቁ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ለሃያ ዓመት የሰው ቅቤ እስከ ሥሩ ድረስ እየወጋች ስታሸት ኖራለች፤ የራሷን ልብ እንጨት ቢሰኩበት ምን ይሸት እንደነበር ያኔ ገባት። «ጌታዬ፣ ማረኝ» አለች። «ልጄን ማርልኝ። ባትምርልኝም ከቤቴ አትውጣ።»

ሎሚ ዓይኗን ገለጠች። እናቷ ጽዋውን ከራስጌዋ ስታስቀምጥ አየች።

«አመጣሽው?»

«አመጣሁት።»

«የት ነበር?»

«ቅቤ ጎጆ። ፈርቼ ነው።»

ሎሚ በትኩሳቱ ውስጥ ሆና ፈገግ አለች። «ሚካኤል የባረከው ቅቤ ትሸጫለሽ ማለት ነው፣» አለች፤ ከዚያም የእናቷን እጅ ያዘች። «እኔም ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ብቻዬን አትተዪኝ።»

በኅዳር ሚካኤል ጠዋት አዳማ በጭስ ተሸፍና ነጋች። ለዚያ ለክፉው የበሽታ ዓመት መታሰቢያ ሰው በየደጁ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል። ጭሱ ነፋስ አጥቶ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ጣቢያው አይታይም፤ ከአጥሩ ማዶ የሚሄደው ሰው ነው ወይስ ዛፍ ነው አይለይም። ሎሚ ምጥ ላይ ናት። ካህን አራስ ቤት አይገባምና፣ ሕፃኑ በድግሱ መካከል ቢወለድ አባ እንዳይቸገሩ ብላ፣ ዲንቄ ምንጣፉን ግቢው ውስጥ ከግራሩ ሥር ዘረጋችው። ዳቦውንና ጠላውን አወጣች። ከዚያ ቆማ ጠበቀች።

ማንም አልመጣም።

አባ ወልደአማኑኤል እያሳሉ ከጭሱ ወጡ። ቀጥላ አበበች መጣች፣ በጥቁር ልብሷ። «የእኔ ሰው ሞቶ አልቋል። ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ?» ብላ ተቀመጠች። ብዙ ቆይቶ ገርባ መጣ። ከእሱ ኋላ አንድ ሁለት እያሉ ሌሎቹ ገቡ፤ ከአጥሩ ሥር፣ ለመሸሽ በሚመች ቦታ፣ ተቀመጡ። ጥሩነሽ የመጨረሻዋ ነበረች።

ዲንቄ ጽዋውን ለማምጣት ገባች። ሎሚ ጥርሷን ነክሳ የዘሃራን ክንድ ጨብጣለች።

«ልወስደው ነው፣ ልጄ።»

«ውሰጂው። ይጠጡ። እኔም... ስለ እኔም ይጠጡ።»

ጸሎቱ ተደረገ፤ ጽዋው ዞረ። ከንፈሩን ብቻ እያስነካ የሚያቀብል ሞልቶ ነበር። ከቤቱ የሎሚ ድምፅ ይሰማል፤ በተሰማ ቁጥር ሁሉም ይሸማቀቃሉ። አባ ጽዋውን ጠቅልለው ተነሡ። የማንንም ስም ቢጠሩ እሺ የሚል እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

«ተረኛ ማን ነው?» አሉ።

ዲንቄ ተነሣች።

«የሚቀበለው ካጣ እኔው ደግሜ እይዘዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልናገር። እኔ ሚካኤልን ቅቤ ጎጆ ውስጥ አስሬው ነበር። አዎ፣ አትዩኝ፣ በገመድ! ልጄ ግን ታመመች። ዘሃራ ጽዋ የላትም፤ የእህቷን ልጅና ባሏን ቡልቡላ ቀብራ መጣች። ደራም ሰው እየሞተ ነው። እኛ ይሄን ጽዋ ገዳይ አደረግነው። አቶ ሰብስቤ በሞተ ጊዜ ግን ለመገነዝ የገባነው ሁለት ሴቶች ነን። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ሞት ሲመጣ ማኅበርተኛ አለመኖሩ።»

ሎሚ ከውስጥ ጮኸች። ዲንቄ ወደ በሩ ዞረች፤ እግሯ ግን ቆመ፤ መልሱን ትጠብቅ ነበር።

ጥሩነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ስጡኝ፣ አባ። ድሮም ተራዬ ነው።» ፊቷ አመድ መስሏል። ወደ ገርባ ዞራ፣ «ከሞትኩ ደግሞ ጠላዋ ቀጭን ነበር ብለህ እንዳታማኝ» አለችው።

«ሳትሞቺም እላለሁ» አለ ገርባ።

የሳቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ሳቁ። ተነሡ። ጥሩነሽ ጽዋውን ደረቷ ላይ አድርጋ ከፊት ሆነች። አበበች እልል አለች፤ ድምፅዋ መካከል ላይ ተሰነጠቀ፣ ሌሎቹ አነሡላት። ጭሱ ውስጥ ገብተው እስኪጠፉ ጭብጨባው ይሰማ ነበር። አባ ከአጥሩ ላይ ሳይደርሱ የሕፃን ልቅሶ ከቤቱ ወጣ። ቆሙ። ወደ ኋላ መመለስ አልቻሉም፤ ከቆሙበት መስቀላቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ባረኩ።

ወንድ ነበር። ዘሃራ እትብቱን ቋጥራ ሕፃኑን ለዲንቄ አቀበለቻት። ሎሚ ግን እሳት እንደሆነች ናት። ከራስጌዋ ጽዋው የነበረበትን ቦታ በዓይኗ ፈለገች።

«ሄደ?»

«ሄደ። ጥሩነሽ ወሰደችው። ለታኅሣሥ እሷ ትደግሳለች።»

«እስከዚያ እደርሳለሁ፣ እማዬ?»

ዲንቄ አዎ ልትላት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሕፃኑን አጠገቧ አስተኛችው።

«አላውቅም፣ ልጄ። እኔ ግን እዚሁ ነኝ። እሱም እዚሁ ነው። ጽዋው ነው የሄደው።»

ትኩሳቱ ሎሚን ለቅቆ እየተመለሰ ከረመባት፤ ፀጉሯ ረገፈ፣ ድምፅዋ ጠፋ። ደወሉ በታኅሣሥም አላረፈም፤ ጽዋ ገብቶ ከማያውቅባቸው ቤቶችም ሬሳ ወጣ። ነገር ግን ያ ደወል ሲመታ ሰው ዳግመኛ «ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቅ፣ ጠይቆም ይሄድ ጀመር፤ ቃሬዛውም ተሸካሚ አላጣም። ሕፃኑ ክርስትና በተነሣ ዕለት ሎሚ በሁለት እግሯ ቆማ ነበር፤ በአንድ በኩል እናቷን፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ድረስ ደግሞ በሌላው በኩል ዘሃራን ተደግፋ።

«ስሙን ማን አላችሁት?» አለች ዘሃራ ከበሩ ላይ።

«ገብረ ሚካኤል።»

«መልካም» አለች ዘሃራ። «በሉ ግቡ። እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ።»